ከሃይደልበርግ እስከ ሮተንቡርግ በኮኪት ዕቅድ

ወሬው የደረሰኝ የአምስተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ነው። ወሩ ሚያዝያ፣ አገሩ ኮኪት፣ የመተማ ቆላ። ሚያዝያን ኮኪት ያላሳለፈ ሰው ስለ ሙቀት ሲያወራ እኔ በአክብሮት ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፤ ያልወለደ ሰው ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲመክር እንደሚደመጠው ማለት ነው። በትምህርት ቤታችን ግቢ ባለችው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ቀይ እስክሪብቶዬ በሙቀቱ እየፈሰሰ ላልተሳሳተው ተማሪ ሁሉ የስሕተት ምልክት ሲያድልብኝ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ሰላም ናት፤ ከጀርመን።

«እማ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ቆሜ ፈተና አርሜ አላውቅም። ምን ሆንሽ?»

«መንጃ ፈቃድ አወጣሁ!»

እልልታዬን ለቀቅሁት። በግቢው ያሉት ተማሪዎች ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ። ርእሰ መምህሩ ዝናብ የመጣ መስሎት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ከቢሮው ወጣ።

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም! የጥሪ ደብዳቤ ልኬልሻለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትመጫለሽ። ሦስት ቀን ዕረፍት አለኝ፤ መኪና ተከራይቼ ከሃይደልበርግ እስከ ሮተንቡርግ እየነዳሁ አዞርሻለሁ። ሁለቱም የጥንት ከተሞች ናቸው። መካከሉ ወንዝ ነው፣ ኮረብታው ላይ ሁሉ ግንብ ነው። መንገዱ ራሱ ሲያምር ብታይ!»

እኔ የቢቸና ሰው ነኝ። ለሁለት ዓመት ተመድቤ ወደ ቆላ ወረድሁ፤ ይኸው ሃያ አራተኛውን ይዤዋለሁ። ኮኪቶች እስከ ዛሬ «ጎጃሜዋ መምህርት» ይሉኛል፤ የሰው አገር ሰው መሆኔን የሚረሱት የታመምሁ ቀን ብቻ ነው። ሰላምን እዚሁ ወለድኋት። አባቷ ካረፈ በኋላ ብቻዬን አሳደግኋት፣ ነርስ ሆነች፣ ሄደች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያየኋት በስልክ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ሲገኝ፣ ያውም ከአገጯ በላይ። ስታገባ እገኛለሁ ብዬ ቪዛ ጠይቄ «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ እርግጠኛ አይደለንም» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ሰርጓን በስልክ ታደምሁ፤ እልልታዬ መሐል ላይ ኔትወርኩ ተቋርጦ ግማሹ ኮኪት ቀረ።

ከመቅረቴ ይልቅ ያቃጠለኝ ቃሉ ነው። እኔ ነኝ የማልመለስ? የተዋስሁትን ወንፊት በማግሥቱ አራግፌ የምመልስ ሴት!

ስለዚህ ይህ የሽርሽር ጉዳይ አልነበረም። ወይ ልጄን በዓይኔ አያለሁ፣ ወይ «የማትመለሰዋ» የሚለው ስም እንደ ቅንጭብ ወተት ተጣብቆብኝ ይቀራል።

ለቪዛው ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ የጉዞ ዕቅድ ነው፤ በየቀኑ የት እንደምውል፣ የት እንደማድር የሚናገር። ሰላም አዘጋጅታ ላከችልኝ። አንድ ገጽ፣ ንጹሕ፣ እንደ ልጅነት ደብተሯ። «ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፦ የሃይደልበርግን ግንብ መጎብኘት» ይላል። ከግርጌው «ፊርማ» ይላል።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንደምሆን በምን አንጀቴ ነው የምፈርመው? «ነገ ጠዋት ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ» ለማለት እንኳ «እሱ ካለ» ሳልል አፌን የማልከፍት ሰው ነኝ። (ወፍጮውም ግማሹን ጊዜ እሱ ስላላለ አይደለም፣ ቀበቶው ስለሚበጠስ ነው የሚቆመው። ይህ ግን ሌላ ወግ ነው።) በየመስመሩ መጨረሻ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብዬ ጨመርሁና መልሼ ላክሁላት።

«እማ! ሃያ ሦስት ጊዜ እኮ ነው የጻፍሽው! አንዴ ከላይ ብንጽፈው አይበቃም?»

«ከላይ የተጻፈው ለላይኛው መስመር ነው። የታችኞቹ ምን አጠፉ?»

እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ባልኖረኝ። ነገር ግን ጥንቁቅ ሰው ብቻውን አይወስንም። ወረቀቱን ይዤ ወደ እትየ ጥሩነሽ ራኩባ ሄድሁ። ራኩባ ከሱዳን የተዋስነው ቃል ነው፤ አራት እንጨት ተተክሎ ከላይ ሣር የለበሰ ዳስ ነው፤ እትየ ጥሩነሽ ሻይና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ ትሸጥበታለች። ከዚያ ጥላ ሥር ጋሽ ደሴ አይጠፉም። ሠላሳ ዓመት ከመተማ ጎንደር ሰሊጥ ያመላለሱ ሾፌር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መሪ የሚጨብጡት በወሬ ነው።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አሉኝ ከርከዴያቸውን እያስቀመጡ።

«መቶ ሰባ ገደማ ነው ብላኛለች።»

«ታዲያ ከኮኪት ጎንደር በይኛ!» ብለው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጀርመን ከጋሽ ደሴ ሐሳብ ወጣች። ሃይደልበርግ ኮኪት ሆነች፣ ሮተንቡርግ ጎንደር፤ መካከሉ ላይ ነጋዴ ባሕርና አይከል የግድ መኖር ነበረባቸው።

«ጭነቱ ምንድን ነው?»

«ጭነት የለም፣ ጋሽ ደሴ።»

«ሰርግ ነው?»

«አይደለም።»

«ለቅሶ?»

«እግዜር ይጠብቀን!»

«ታዲያ ለምን ይኬዳል?»

«መንገዱ ያምራል አሉ። መንገዱን ለማየት ነው የምንሄደው።»

እትየ ጥሩነሽ ሻዩን ማማሰሏን አቆመች። ጋሽ ደሴ ወደ አስፋልቱ ዘወር ብለው እንደ ትልቅ ዕዳ ትክ ብለው አዩት። «ሠላሳ ዓመት አየሁት» አሉ በመጨረሻ። «ቢያምር ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

«ግንቡስ?» አለች እትየ ጥሩነሽ። «ጎንደር ግንብ ሞልቶ፣ ግንብ ለማየት ጀርመን? ለመሆኑ የፋሲልን ግንብ አንድ ቀን ገብተሽ አይተሽዋል፣ መምህርት?»

ውሸት ኃጢአት ነው። አላየሁትም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጎንደር በደረስሁ ቁጥር በአጥሩ ሥር ሻንጣዬን አቅፌ መኪና ፍለጋ ስሮጥ ነው ያለፍሁት። እትየ ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ ራኩባውን ሁሉ ያዘው፣ ከማሽላ እርሻ የመጡት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ ሳቁብኝ። «የደጇን ሳታይ!» አለ አንዱ፣ በወሎ አነጋገር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ደሴ ዕቅዱን እንደ መኪና ሞተር ፈታቱት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት፤ ፀሐይ ሳትበረታ። ሃያ ሊትር ውኃ በጀሪካን። ሁለት ቅያሪ ጎማ፣ አንድ መጎተቻ ገመድ። ከፊት የሚመጣ መኪና ሲታይ መብራት ብልጭ አድርጎ ማስቆምና «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ። በመጨረሻም፣ «ባዶ መኪና ጠመዝማዛ ላይ ይዘላል፤ ከኋላዋ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ይጫንባት። ሰሊጥ ከሌለ የአገሩን እህል።»

ይህን ሁሉ ጻፍሁት። «ለምን ጻፍሽው?» ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌ እያዩኝ፣ እስክሪብቶ በእጄ ይዤ፣ የተናገሩትን አለመጻፍ ድፍረት ስለሆነ ነው።

ሌሊቱን ሳስበው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔ በአውቶቡስ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር በተቀመጥሁበት ራሴን ዝቅ አድርጌ አማትባለሁ። ሾፌሩ የሰው ነው፣ «አቁም፣ ወርጄ ልሳለም» አልለውም። በልጄ መኪና ግን ምን ምክንያት አቀርባለሁ? ልጄን ያሳደገልኝ፣ መሪ ያስጨበጣት እሱ ሆኖ ሳለ በደጁ «ቸኩያለሁ» ብዬ ላልፍ ነው? ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ዝም ብለሽ እንዳትሳለሚ» አሉኝ። «የኛ ይሁን የሌላ መጀመሪያ ጠይቂ። የኛ ከሆነ ተሳለሚ። የሌላ ከሆነ ለመስቀሉ እጅ ነስተሽ እለፊ።»

«ለመጠየቅ እንግዲህ ከመኪናው ልወርድ ነው፣ አባቴ?»

«መኪና ላይ ተቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ይጠየቃል እንዴ?»

ሰላምን ደወልሁላትና በመንገዱ ዳር ያሉትን ቤተ ክርስቲያናት ቆጥራ እንድትልክልኝ ነገርኋት። ለሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፋ።

«እማ» አለችኝ በሦስተኛው ቀን፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «በየመንደሩ አለ እኮ። ከመንገዱ ዳር ያሉት ብቻ አርባ አንድ ናቸው።»

«አርባ አንድ? ኪርያላይሶን የምንልበትን ያህል! ምልክት ነው፣ ልጄ።»

«ምልክት አይደለም፣ እማ፤ የስልክ ካርታ ነው! ሦስት ቀን ነው ያለኝ! የኪራይ መኪና ነው!»

«እግዚአብሔር ቢፈቅድ ይዳረሳል» ብዬ አርባ አንዱንም በተራ በተራ ጻፍኋቸው።

ዕቅዱ ሦስት ገጽ ሆነ። ጨረስን ብዬ ለጋሽ ደሴ ባነብላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«መመለሻውስ?»

«መጨረሻው ላይ አለ፤ ‘ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ መመለስ’ ይላል።»

«በአንድ መስመር?» ከመቀመጫቸው ተነሡ። «መሄድማ ማንም ይሄዳል። ሥራው መመለሱ ነው! ነሐሴ ነው እኮ የምትመለሺው፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤትሽ ያለው ጥቁር አፈር በነሐሴ እንኳን ሰው ወፍ ያሰምጣል። ማን ይቀበልሻል? ሻንጣሽን ማን ይሸከማል?»

የሚቀጥሉት አምስት ገጾች የተጻፉት በዚህ ምክንያት ነው። ጋሽ ደሴ ራሳቸው ጎንደር መጥተው ይቀበሉኛል፤ በመንገድ ሾፌሩን እየተቆጣጠሩ ሸሕዲ ድረስ ያመጡኛል። ከሸሕዲ ኮኪት በሚኒባስ። አስፋልቱ ላይ እትየ ጥሩነሽ የጭቃ ቦቲ ይዛ ትጠብቀኛለች። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ የጎረቤቴ ትራክተር ይወስደኛል፤ ባለትራክተሩ «ናፍጣ ከጠፋ በበሬ» ብሎ በእጁ ጽፎ ጨመረበት። የንስሐ አባቴ ለፍልሰታ ፍቺ ደብሩ ውስጥ እንደምገኝ፣ ርእሰ መምህሩ በመስከረም መጀመሪያ የአምስተኛ ክፍልን በር እኔ እንደምከፍት መሰከሩ። የፈረመ ፈረመ፣ ያልተማረ አሻራውን አኖረ። እትየ ጥሩነሽ አሻራዋን ያኖረችው ከርከዴ በነካ ጣቷ ስለሆነ ከማኅተሙ ሁሉ የደመቀ የእሷ ነው።

ሰላም ስምንቱን ገጽ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። «ልተርጉመው?» አለችኝ።

«አንድ ቃል ሳታጎድዪ።»

በግንቦት አዲስ አበባ ወጥቼ ቪዛ ቢሮው ለቃለ መጠይቅ ቀረብሁ። መነጽር ያደረገች ፈረንጅ ሴት ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ልጅ እግር አስተርጓሚ አለ። ወረቀቴን ታገላብጣለች። በየገጹ ቅንድቧ ከፍ ይላል።

«ጀርመን ሄደው ምን ያያሉ?»

«ልጄን።»

«ከልጅዎ ሌላስ?»

«ልጄ ስትነዳ።»

አንድ ነገር ጻፈች። «በሦስት ቀን አርባ አንድ ቦታ ይቆማሉ። ይዳረሳል?»

«እግዚአብሔር ቢፈቅድ።»

አስተርጓሚው ሊተረጉም አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው፤ ያን ቃል ከዕቅዱ ላይ አንብባ አንብባ ለምዳዋለች።

«ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ለምንድን ነው?»

«መኪናዋ እንዳትዘል።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይህን እንዳለ ልተርጉመው?»

«እንዳለ፣ ልጄ። ጋሽ ደሴ ያሉት ነው።»

ከዚያ ጨዋታው ቆመ። ሴትዮዋ አንዱን ገጽ በጣቷ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። አስተርጓሚው ድምፁን ቀነስ አድርጎ ተናገረ፦ «የትውልድ ቦታዎ ቢቸና ነው። ኮኪት ለሁለት ዓመት ሥራ ሄዱ። ሃያ አራት ዓመት ሆነ። አልተመለሱም። ከጀርመንስ እንደሚመለሱ በምን አውቃለሁ?»

ይህን ጥያቄ ጋሽ ደሴም፣ የንስሐ አባቴም፣ እኔም አላሰብነውም። ደግሞ እውነት ነው። ዝውውር ሁለት ጊዜ ጠይቄ፣ ሁለቱም ጊዜ ተፈቅዶልኝ፣ ደብዳቤውን ራሴ መልሻለሁ። አንደኛው ጊዜ የወባ ወቅት ነበርና ተማሪዎቼ ተኝተው ነበር፤ በሁለተኛው ምክንያት እንኳ አልነበረኝም። ልዋሽ አሰብሁ፤ «ዝውውር ተከለከልሁ» ማለት ቀላል ነበር። ምላሴ ግን እምቢ አለኝ።

«አልተመለስሁም» አልሁ። «ቢቸና የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ እናት አባቴ አርፈዋል። ኮኪት ግን እንዲህ ነው፤ ገጽ አራትን ይግለጡት።»

ገለጠችው። አንድ በአንድ አነበበች። በጣቷ የከርከዴውን አሻራ ነካችው።

«ይህ ትራክተር…»

«ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ነው። ነሐሴ ጭቃ ነው።»

«እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚመለሱበትን ቀን ያውቃሉ?»

«የወሰኑት እኮ እነሱ ናቸው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አስተርጓሚው ሲተረጉምላት ሴትዮዋ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልተዋጠላትም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። አንዳች ነገር ተናገረች። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ «መመለሻው ከመሄጃው የበለጠ ዕቅድ አይቼ አላውቅም ትላለች» አለኝ።

እናንተዬ፣ ስኮራ! ኩራት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያን ቀን ኮኪት በሙሉ፣ ከነጭቃዋ፣ ከነትራክተሯ በዚያ መስታወት ፊት ቆማ ፈተና ስታልፍ ያየሁ መሰለኝ። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ያልፈሰሰባት ተማሪ ነበርሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ቢሮ ፓስፖርቴን ተቀበልሁ። ገልጬ ሳየው ቪዛው ተለጥፎበታል፣ ፎቶዬም አለ፤ እንደ ቆላ ፎቶ ሁሉ የላብ ወዝ አለበት። እግሬ ወደ በሩ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ በሩ ላይ ስደርስ፣ ልማድ አይደል፣ ጎንበስ ብዬ መቃኑን በስተቀኝም በስተግራም ተሳለምሁት።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከኋላዬ ድምፅ ስሰማ ነው። ዞር ብል ወረፋ ይዛ የነበረች ወይዘሮ ያንኑ መቃን ትስማለች። ከእሷ ኋላ አንድ ጎልማሳ ይሳለማል። ሌላዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። አንድ አዛውንት ዘበኛውን በዝግታ፣ «የማን ታቦት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ዘበኛው ግራ ገብቶት ኮፍያውን አወለቀ። «ኧረ ተዉ፣ ቢሮ ነው!» ልል አሰብሁ። ሰው በተስፋ ሲያጎነብስ እያየሁ ግን እንዴት እናገራለሁ? ነጠላዬን ተከናንቤ ሮጥሁ። ጥንቁቋ መምህርት!

ኮኪት ስገባ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። ሳቃቸውን ለመደበቅ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉት። ስግደት ሰጡኝና፣ «ያንቺስ እሺ፤ ከኋላሽ የሳሙትስ?» አሉኝ። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ከሸሕዲ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መንገደኛ ሌላውን ሲመክር ሰማሁ፦ «ቪዛ ቢሮው ስትደርስ የቀኙን መቃን ሳም፤ እንዳትረሳ፣ የቀኙን።»

ስለዚህ በዚያ ቀን፣ በዚያ በር፣ ከኋላዬ የነበራችሁ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ። ያ መቃን ብረት ነው፤ ቀለም የተቀባ ብረት። ለሌላ ሰው አትንገሩ፣ የነገራችሁም መልሱ። እኔ ደግሞ ያሳሳትኋችሁን እንድክስ፣ የክርስትና ስማችሁን ላኩልኝ፤ ልጄ እየነዳች እኔ በየደጁ ስማችሁን እየጠራሁ አስባችኋለሁ። የዓለም ስማችሁን አልፈልገውም፤ እሱን ቢሮው ያውቀዋል።